ወደ ሜይደን ካስል እንዴት ይኬዳል? በጠመኔ ኮረብታ ላይ ያለ ጥንታዊ የአፈር ምሽግ ለመጎብኘት ዝርዝር መመሪያ

እንግሊዝ አገር የሚኖር ሰው ስቶንሄንጅን በአካል ባያየው እንኳ በፎቶ ያውቀዋል። ድንጋይ ቆሞ ስለሚታይ ማብራሪያ አይፈልግም። አፈር ግን እንደዚያ አይደለም። በደቡብ እንግሊዝ የጠመኔ ኮረብታዎች ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጥንታዊ የአፈር ሥራዎች አሉ። ጉድባ አለ፣ ካብ አለ፣ የመቃብር ጉብታ አለ። ዛሬ ሁሉም ሣር ለብሰዋል። እኩለ ቀን ላይ መኪናውን አቁሞ ሽቅብ ያየ ሰው "ኮረብታ ነው" ብሎ ይመለሳል። በጣም ያሳዝናል፤ ያ ሰው የቆመው ከአውሮፓ ትልልቅ ጥንታዊ ምሽጎች በአንዱ ፊት ሊሆን ይችላላ!

የአፈር ሥራ በትክክለኛው ብርሃንና በትክክለኛው አካሄድ ካልታየ አይታይም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህ ነው። ምሳሌ የማደርገው ዶርሴት ውስጥ ያለውን ሜይደን ካስልን ነው። በባቡር ይደረሳል፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ የአራት ሺህ ዓመት ያህል ሥራም አንድ ኮረብታ ላይ ተደራርቦ ይገኝበታል። እዚያ ዐይናችሁን ካለማመዳችሁ ሌሎቹ አይከብዷችሁም።

ሰዓት የምጠቅሰው ሁሉ በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው። ባቡሩም የሚሄደው በሱ ነው።

ምን ልታዩ ነው የምትሄዱት?

ሜይደን ካስል ከዶርቼስተር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ስሙ ካስል ይባል እንጂ የድንጋይ ግንብ የለበትም። ሁሉም ነገር አፈርና ጠመኔ ነው። የውስጡ ስፋት 19 ሄክታር ያህል ሲሆን በዙሪያው በየተራ የተደረደሩ ካቦችና ጉድባዎች አሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት የዘመናቱን ቅደም ተከተል ብትይዙ ጥሩ ነው። መጀመሪያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3600 ዓመት ገደማ፣ የአካባቢው የጥንት ገበሬዎች በኮረብታው ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ክብ ጉድባ ቆፈሩ። ጉድባው ያልተቋረጠ አልነበረም፤ በየመሃሉ መሻገሪያ እየተተወለት ነው የተቆፈረው። ቀጥሎ በላዩ ላይ 546 ሜትር የሚረዝም፣ ዝቅ ያለ የአፈር ካብ ተሠራ። ከዚያ ቦታው ለብዙ ዘመን ተተወ።

ምሽጉ የመጣው በብረት ዘመን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ገደማ የምሥራቁ ክፍል በአንድ ካብና በአንድ ጉድባ ታጠረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 450 ዓመት ገደማ ሲሆን ወደ ምዕራብ ተስፋፍቶ ስፋቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት በውጭ በኩል ሌሎች ካቦችና ጉድባዎች ተጨመሩለት። በውስጡ ክብ ጎጆ ቤቶችና የእህል ጉድጓዶች ነበሩ። ሮማውያን በ1ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ሲይዙ ዛሬ ዶርቼስተር ባለችበት ቦታ ዱርኖቫሪያ የምትባል ከተማ ተመሠረተች፤ ኑሮውም ወደዚያ ዞረ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ እኛ ዘንድ ኢዛና በነገሠበት ዘመን ማለት ነው፣ ባዶው ምሽግ ውስጥ አንድ ትንሽ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ኮረብታው የከብትና የበግ ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ በአእምሯችሁ ያዙ። ምሽጉ ሲሠራ አረንጓዴ አልነበረም። ጠመኔ አዲስ ሲቆፈር ቦግ ያለ ነጭ ነው። የካቡ ፊት ነጭ፣ ጉድባውም ነጭ ነበር። ያንን ኮረብታ በሩቅ ያየ መንገደኛ ማን እንደሚኖርበት መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

ወሩንና ሰዓቱን ምረጡ

ከሁሉ በላይ ወሳኙ ይሄ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ዝቅ ያለ ካብና የተደፈነ ጉድባ አይታይም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ከጉልበት በታች የሆነች እብጠት እንኳ ረጅም ጥላ ትጥላለች።

የኔ ምርጫ መጋቢት ወይም ጥቅምት ነው። በነዚህ ወራት ሣሩ አጭር ነው፣ ፀሐይም ከፍ አትልም፣ ቀኑም ከለንደን ደርሶ ለመመለስ ይበቃል። ታኅሣሥ ላይ ብርሃኑ ግሩም ነው፤ ነገር ግን በ4 ሰዓት ይጨልማል፣ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ያጣድፋል። ሰኔና ሐምሌ ለአበባና ለቢራቢሮ ነው። ካቡን በደንብ ለማየት የበጋው ሣር ይረዝማል፣ ብርሃኑም እስከ ምሽት ድረስ ጠንካራ ነው። በጋ ላይ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ከሰዓት በኋላ ዘግይታችሁ ውጡ፤ እስከ 9 ሰዓት ገደማ ብርሃን አለ።

የአየር ትንበያውን ከሁለት ቀን በፊት እዩ። ትንሽ ደመና ችግር የለውም። ድፍን ያለ ደመና ግን ጥላውን ሁሉ ያጠፋዋል። ነጎድጓድ የተተነበየ ቀን አትሂዱ፤ ኮረብታው ላይ መጠለያ የሚሆን አንድ ዛፍ እንኳ የለም፣ ቢኖርም ከመብረቅ አያድንም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንሂድ የምትሉ ካላችሁ፣ ከለንደን ሆኖ በበጋ ካልሆነ በቀር አይደረስም። ቅዳሜን ምረጡ።

የሚያዝና የሚለበስ

ጫማ ላይ አትቀልዱ። እርጥብ ጠመኔ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ካቦቹም ቁልቁል ናቸው። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርጉ። ለከተማ የሚሆን ለስላሳ ስኒከር ዝናብ ከዘነበ አይሠራም።

ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ያዙ፤ ከተማው ውስጥ ሞቆ ኮረብታው ላይ የሚበርድበት ቀን ብዙ ነው። ሱሪው ረጅም ይሁን። በሣር አገር መዥገር አለ፤ አንዳንዷ "የላይም በሽታ" (Lyme) የሚባለውን ታስተላልፋለች። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ማታ ቤት ስትገቡ ደግሞ እግራችሁን፣ ብብታችሁንና የልጆቹን አንገት ፈትሹ። የተጣበቀች መዥገር ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቆዳው ላይ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ኮረብታው ላይ ካፌ የለም፣ መጸዳጃ ቤትም የለም። ውኃ ያዙ። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ ወይም በሶ ለእንዲህ ዓይነት ቀን የተፈጠረ ነው። በቴርሞስ ሻይ ብትጨምሩበት ነፋሱ አያሸንፋችሁም። መጸዳጃውን ከተማ ውስጥ ጨርሳችሁ ውጡ።

ካርታ ብትይዙ ደስ ይለኛል። ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የመንግሥት ካርታ ድርጅት በሚያወጣው የእግረኞች ካርታ ላይ የጥንት ቦታዎች ስም በተለየ፣ አሮጌ በሚመስል ፊደል ይጻፋል። ከዚያ ፊደል አጠገብ የተደረደሩ ትንንሽ ጭረቶች ካያችሁ የካብና የጉድባ ምልክት ናቸው። ለዚህ ቦታ የሚሆነው ቁጥሩ ኦ ኤል 15 የሆነው የደቡብ ዶርሴት ካርታ ነው። ስልክ ለሚመርጥ ሰው የድርጅቱ አፕ ያንኑ ያሳያል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አውርዳችሁ አስቀምጡት።

ከቤት ሳትወጡ የምትሠሩት አንድ ሌላ ነገር አለ። ከአውሮፕላን በሌዘር የመሬቱን ከፍታ የሚለካ ላይዳር የሚባል ዘዴ አለ። ለእንግሊዝ አገር ይህ መረጃ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ተለቋል። የኮረብታውን የላይዳር ምስል ለአምስት ደቂቃ ብታዩ ሣሩ ተገፎ ሁሉም መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። እዚያ ስትደርሱ ምን እንደምትፈልጉ አውቃችሁ ትሄዳላችሁ።

ጉዞው

ከለንደን ዋተርሉ ወደ ዌይመዝ የሚሄደው ባቡር ዶርቼስተር ሳውዝ ጣቢያ ያወርዳችኋል። መንገዱ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ከብሪስቶል በኩል ለሚመጣ ዶርቼስተር ዌስት የሚባለው ሌላው ጣቢያ አለ። ትኬቱን አስቀድሞ መግዛት ይረክሳል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የቤተሰብ ሬይልካርድ የአዋቂውን ዋጋ በሲሶ፣ የልጁን ደግሞ 60 በመቶ ይቀንሳል። ቅዳሜና እሁድ የሐዲድ ጥገና ሊኖር ስለሚችል ማታውን አጣሩ፤ ባቡሩ በአውቶቡስ ከተተካ ቀናችሁ ያጥራል።

በመኪና ለሚመጣ ከምሽጉ በስተሰሜን፣ በሜይደን ካስል ሮድ መጨረሻ ላይ ማቆሚያ አለ።

ቀኑን እንዲህ ብታደራጁት ይሻላል፦ ጠዋት ሙዚየም፣ ቀጥሎ ሞምበሪ ሪንግስ የሚባለው ክብ የአፈር ካብ፣ ከሰዓት በኋላ ምሽጉ። ብዙ ሰው ሙዚየሙን ለመጨረሻ ያስቀምጠዋል። እኔ አልስማማም። አንደኛ፣ ጥሩው ብርሃን ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ዕቃውን አይቶ ኮረብታው ላይ የሚወጣ ሰው ካቡን በሌላ ዐይን ነው የሚያየው።

መጀመሪያ ሙዚየሙ

የዶርሴት ሙዚየም ከተማው መሃል ነው፣ ከጣቢያው በእግር ይደረሳል። መግቢያው በክፍያ ነው፤ የመክፈቻ ሰዓቱን ድረ ገጹ ላይ እዩ። ጊዜ ከሌላችሁ ሌላውን ትታችሁ ከሜይደን ካስል የወጣውን ብቻ ተመልከቱ።

አርኪኦሎጂስቱ ሞርቲመር ዊለርና ባለቤቱ ቴሳ ቨርኒ ዊለር እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ምሽጉን ቆፈሩ። ቴሳ በ1936 አረፈች፤ ቁፋሮው በ1937 ተጠናቀቀ። ከተገኙት ነገሮች ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ የወንጭፍ ድንጋይ ነው። ድቡልቡል፣ ለስላሳ፣ የባሕር ዳር ጠጠር ነው። በምሥራቁ በር አቅራቢያ ከ20 ሺህ በላይ በአንድ ላይ ተከማችተው ተገኝተዋል። እዚያ ኮረብታ ላይ እንዲህ ዓይነት ጠጠር የለም። ከቼሲል የባሕር ዳርቻ እየተመረጠ፣ እየተሸከሙ ነው ያመጡት። ወንጭፍ ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ ወዲያው ይገባናል፤ ክብደቱ እኩል የሆነ ድንጋይ ዒላማ አይስትም።

ሌላው አከርካሪው ውስጥ የብረት ጫፍ የተሰካበት የሰው አጽም ነው። ዊለር በምሥራቁ በር የተገኙትን መቃብሮች አይቶ፣ ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ43 ምሽጉን በአንድ ቀን ጥቃት ሲይዙ የፈጁአቸው ሰዎች ናቸው ብሎ ጻፈ። ታሪኩ በጣም ስለሚማርክ እስከ ዛሬ ይነገራል። የኋላ ጥናቶች ግን አልደገፉትም። የቦርንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ያሳተሙት የካርቦን ዕድሜ ልኬት፣ ሰዎቹ የሞቱት በአንድ ቀን ሳይሆን በአሥርተ ዓመታት ውስጥ በተለያየ ጊዜ፣ አብዛኛውም ከሮማውያን መምጣት በፊት እንደሆነ አሳይቷል። የተጋደሉት እርስ በርስ ሳይሆን አይቀርም። አንድ አስጎብኚ የሮማውያኑን ጦርነት እንደ አለቀለት ሐቅ ከነገራችሁ ይህን አስታውሱ።

ሞምበሪ ሪንግስ፦ አጭር ልምምድ

ከዶርቼስተር ሳውዝ ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃል፣ በነጻ ይገባል። ክብ የአፈር ካብ ነው። በአንድ በኩል ገብታችሁ መሃሉ ላይ ቁሙ።

መጀመሪያ የተሠራው በአዲሱ የድንጋይ ዘመን መጨረሻ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት ገደማ ነው። ሮማውያን መሃሉን ዝቅ አድርገው የትርዒት ሜዳ አደረጉት። በ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ደግሞ የመድፍ ምሽግ ሆነ። ከ1908 እስከ 1913 በተደረገ ቁፋሮ ከካቡ ሥር እስከ 10 ሜትር ገደማ የሚወርዱ የጠመኔ ጉድጓዶች ተገኝተዋል፤ የተቆፈሩት በአጋዘን ቀንድ ነው። ብረት ሳይኖር ያን ያህል መውረድ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት።

እዚህ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ልምምዱ ይህ ነው፦ የካቡ ቁመት ሁሉም ቦታ እኩል እንዳልሆነ ልብ በሉ፣ ከዚያ "ይሄ የማን ዘመን ሥራ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ኮረብታው ላይ የምትጠይቁት ተመሳሳይ ጥያቄ ነው።

መውጣቱ፦ በምዕራቡ በር ግቡ

ከሞምበሪ ሪንግስ ተነስታችሁ ሜይደን ካስል ሮድን ያዙ። ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ የእግር መንገድ ነው። ወደ መጨረሻው መንገዱ ጠባብ ስለሚሆን መኪና ሲመጣ ዳር ያዙ፣ ልጆችን በእጅ ያዙ። ከሩቅ ኮረብታው ሲታያችሁ ትንሽ ቁሙ። በጎኑ የሚሄዱትን አግድም ጥቁር መስመሮች እዩ። እነሱ የጉድባዎቹ ጥላ ናቸው።

ከመኪና ማቆሚያው የሚነሳው መንገድ ወደ ምዕራቡ በር ይወስዳችኋል። በአቋራጭ በቀጥታ ካቡን ልውጣ አትበሉ። የምዕራቡ በር የጠቅላላው ጉብኝት ምርጥ ክፍል ነው፤ ቀስ ብላችሁ ግቡ።

ስትገቡ መንገዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንድ ካብ ይመጣል፣ መንገዱ ይታጠፋል። ሌላ ካብ ይመጣል፣ እንደገና ይታጠፋል። በግራና በቀኝ የአፈር ግድግዳ ነው። ጉድባው ወለል አጠገብ ስትደርሱ ኮረብታው ላይ ሲያፏጭ የነበረው ነፋስ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ከላያችሁ የሚታየው ሰማይም ጠባብ ቁራጭ ይሆናል። በዚያ ቅጽበት አናታችሁ ላይ ወንጭፍ የያዙ ሰዎች እንዳሉ አስቡ። እናንተ አታዩዋቸውም፣ እነሱ ግን ያዩዋችኋል። በሩ እንዲህ የተጠማዘዘው ለዚህ ነው ብዙ ባለሙያዎች የሚሉት። ሌሎች ደግሞ ለመከላከል ብቻ ሳይሆን እንግዳን ለማስደመምም ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። እልፍኝ ከመግባቱ በፊት ብዙ በር ያለፈ እንግዳ የባለቤቱን ክብር ቀድሞ ያውቃል።

የጉድባውን ቅርጽ አስተውሉ። ዛሬ ወለሉ ሰፋና ጎድጎድ ያለ ነው። መጀመሪያ ሲቆፈር ግን ሥሩ እየጠበበ የሚሄድ፣ ሾል ያለ ነበር። ከካቡ የወረደ አፈርና ጠመኔ በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ ግማሽ በግማሽ ሞላው። ካቡም በዚያው ልክ ዝቅ ብሏል። የምታዩት ቁመት ግዙፍ ከመሰላችሁ የድሮው ከዚህም ይበልጥ ነበር።

በቁልቁለቱ ላይ ደረጃ የሚመስሉ ጠባብ አግድም መስመሮች ታያላችሁ። ሰው የሠራቸው አይደሉም። አፈሩ ቀስ በቀስ ሲንሸራተትና በጎች በዚያው ሲመላለሱ የተፈጠሩ ናቸው። ረግጣችሁ ለመውጣት አትጠቀሙባቸው፤ ጠርዛቸው በቀላሉ ይናዳል።

ካቡን ዙሩ፣ ከዚያ ውስጡን ፈልጉ

ከበሩ ከገባችሁ በኋላ ወደ መሃል አትሩጡ። በውስጠኛው ካብ አናት ላይ ያለውን የተረገጠ መንገድ ይዛችሁ ዙሩ። ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል በደቡብ በኩል ያሉት ካቦች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድረው ይታያሉ። በሰሜን በኩል ዶርቼስተርና አዲሱ የፓውንድበሪ ሰፈር ከታች ይታያሉ። በደቡብ በኩል አድማሱ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች ከታዩአችሁ የነሐስ ዘመን መቃብሮች ናቸው፤ የደቡብ ዶርሴት ሸንተረር በእነሱ የተሞላ ነው።

ዙሩን ስትጨርሱ ወደ ውስጥ ግቡና ሦስት ነገር ፈልጉ።

የመጀመሪያው የድሮው ምሽግ ምዕራባዊ ድንበር ነው። ምሽጉ ከመስፋፋቱ በፊት እዚህ ጋ ነበር የሚያልቀው። ሜዳውን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጦ የሚያልፍ ለስላሳ እጥፋት ነው። በጥላ ካልሆነ ለማየት ይቸግራል፤ በእግር ስትሻገሩት ግን ጉልበታችሁ ወረድና ወጣ ማለቱን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ያ 546 ሜትር የሚረዝመው የጥንቱ ካብ ነው። ይሄኛው ከሁሉ ይከብዳል። ከፍታው በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ቆማችሁ ስታዩት አይለይም። አጎንብሱ፣ ዐይናችሁን ወደ ሣሩ አስጠጉና በሜዳው ላይ አግድም ተመልከቱ። ላይዳሩን ቤት ውስጥ አይታችሁ ከሆነ የት እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ቀላሉ ነው፦ በምሥራቅ በኩል ያለው የሮማውያን ቤተ መቅደስ መሠረት። ዝቅ ያሉ የድንጋይ መስመሮች ናቸው። ከሁሉም ዘግይቶ የተሠራው ብቻ ድንጋይ ሆኖ መታየቱ ይገርመኛል።

ለዚህ ሁሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መድቡ። ፎቶ ለማንሳት አንድ ሰው ጉድባው ወለል ላይ ይቁም፣ ሌላው ከካቡ አናት ያንሳ። ሰው ከሌለበት የጉድባው ጥልቀት ፎቶ ላይ አይወጣም።

ሣሩን አትናቁ

እነዚህ ካቦች እስከ ዛሬ የቆዩት በሣሩ ምክንያት ነው። በታረሰ መሬት ላይ የነበሩ ብዙ ጥንታዊ ጉድባዎችና ጉብታዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በትራክተር ተደልድለው ጠፍተዋል። ቁልቁለት የሆነውና ለበግ የተተወው ተረፈ። የሣሩ ሥር ጠመኔውን እንደ መረብ ይዞታል፣ በጉ ደግሞ ቁጥቋጦ እንዳይበቅል ይግጣል። ቁጥቋጦ ከበቀለ ሥሩ ካቡን ይሰነጥቃል፣ ጥንቸልም ከሥሩ ትቆፍራለች።

ሣሩ ራሱም ቢሆን ሊታይ ይገባዋል። የጠመኔ አፈር ስስና ድሃ ስለሆነ አንድ ኃይለኛ ሣር ሌሎቹን ውጦ አያስቀርም። በደህና የጠመኔ ሜዳ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ እስከ 40 ዓይነት ዕፅዋት ሊገኝ ይችላል። በበጋ ከሆነ ተንበርክካችሁ እዩ። ሐምራዊ አበባ ያላት፣ መሬት ላይ የተነጠፈች ትንሽ ተክል ካገኛችሁ በጣታችሁ ዳበስ አድርጉና አሽትቱ። ሽታዋ አገር ቤት ያደርሳችኋል፤ የጦስኝ ዘመድ ናት። ለሻይ እንቁረጥ ግን አይባልም።

ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ስካይላርክ የሚባለው ትንሽ ወፍ ሣሩ መሃል መሬት ላይ ይፈለፍላል። ሰማይ ላይ ቆሞ ሲዘምር ትሰሙታላችሁ። በዚያ ጊዜ ከተረገጠው መንገድ አትውጡ።

የማይደረጉ ነገሮች

ቦታው በሕግ የተጠበቀ ነው። የ1979ኙ የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ ያለ ፈቃድ መቆፈርንም ሆነ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ መፈለግን ይከለክላል፤ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ጥንቸል በጫረችበት ቦታ ጥቁር ባልጩት ወይም የሸክላ ስባሪ ብታዩ እዚያው ተዉት። የት እንደነበረ ካልታወቀ ዕቃው ለታሪክ ያለው ጥቅም ይጠፋል።

ድሮን አታብርሩ፤ ቦታውን የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ አይፈቅድም። እሳት አታንድዱ። ውሻ ካላችሁ በማሰሪያ ይሁን፤ በተለይ በጎቹ በሚወልዱበት በጸደይ ውሻ ሲሮጥባቸው ይጨነግፋሉ። የአጥር በር ክፍት ካገኛችሁት ክፍት፣ ዝግ ካገኛችሁት ዝግ አድርጋችሁ ሂዱ። ልጆች ካቡ ላይ መንሸራተት እንደሚያምራቸው የታወቀ ነው። አስቁሟቸው፤ አንዴ ሣሩ ከተላጠና ነጩ ጠመኔ ከወጣ የሚቀጥለው ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል።

የሕፃን ጋሪና ዊልቸር ለማስገባት ከባድ ነው። መንገዱ ወጣ ገባ አለው፣ አቀበቱም ይፈትናል። ሕፃን ያለው ሰው ማዘያ ይዞ ቢመጣ ይቀለዋል። ጉልበታቸው የደከመ እናትና አባት አብረዋችሁ ከሆኑ ከታች ሆነው የካቦቹን መስመር ማየት ይችላሉ፤ ሞምበሪ ሪንግስ ደግሞ ከተማው ውስጥ ስለሆነ ለእነሱ ይመቻል።

ከመጨለሙ በፊት ውረዱ። የመመለሻው መንገድ መብራት የለውም።

ቀጥሎ የት?

ይህን ካያችሁ በኋላ የምመክረው ሌላውን ጥንታዊ የአፈር ሥራ፣ ኤቭበሪን ነው። ከለንደን ፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ስዊንደን ወርዳችሁ 49 ቁጥር አውቶቡስ ያዙ። የኤቭበሪ ጉድባ ዙሪያው በጣም ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ መንደር መሃሉ ተቀምጧል። በእግር የሚደረሰው ሲልበሪ ሂል 39 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2400 ዓመት አካባቢ በሰው እጅ የተቆለለ ጉብታ ነው። እሱን መውጣት ክልክል ነው። ፊት ለፊቱ ካለው ኮረብታ፣ ከዌስት ኬኔት ረጅም መቃብር ጋ ሆናችሁ እዩት፤ ከዚያ በደንብ ይታያል። መቃብሩ ውስጥ መግባት ይቻላል፣ የእጅ ባትሪ ያዙ።

መኪና ላለው ሰው ደግሞ አፊንግተን አለ። 110 ሜትር ገደማ የሚረዝም ነጭ ፈረስ ኮረብታው ላይ ተስሏል፣ ከበላዩ ምሽግ አለ። የፈረሱ መስመር የተቆፈረውና በጠመኔ የተሞላው ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው አንደኛ ሺህ ዓመት ወይም ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በየጊዜው በጎ ፈቃደኞች አዲስ ጠመኔ በመዶሻ እየጠቀጠቁ ያድሱታል። ፈረሱ ላይ አትቁሙ። ከቅርብ ሲያዩት ምኑም አይለይም፤ ሙሉ ቅርጹን ለማየት ከታች ሸለቆው ውስጥ ካሉት መንገዶች ወደ ሰሜን ራቅ ብላችሁ ዞራችሁ ተመልከቱ።